ዛፉን ለአውሎ ነፋስ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ

አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው መሰላል ላይ ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ማሰብ ነበረበት። እኔ ግን ቪዲዮ አይቼ ነበር፤ ቪዲዮ ያየ ሰው ደግሞ ማሰብ አያስፈልገውም።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ ነፋስ ነው። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት ሜፕል የሚባል አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ነፋሱ አንድ ቅርንጫፍ ገንጥሎ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ዘወትር የሚቀመጡባት ወንበር አጠገብ ጣለው። ደግነቱ እሳቸው ቤት ውስጥ ነበሩ። ባለቤቴ ከኤርፖርት ሥራው ሲመለስ ቅርንጫፉን በእግሩ ገፋ አደረገና፣ «በቃ፣ ይሄን ዛፍ አስቆርጠዋለሁ» አለ።

አማቴ እንግሊዝኛ አይችሉ፣ መኪና አይነዱ፤ በጋውን ሙሉ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በእጃቸው ሰላም ይላሉ። ፈረንጁም ይመልሳል። ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ያላቸው መውጫ እሱ ብቻ ነው። ወንበራቸውን አንስተው ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ሳይ አንጀቴን በሉት።

«አይቆረጥም! እኔ አዘጋጀዋለሁ» አልኩ።

«ለሠርግ ነው የምታዘጋጂው?»

«ለነፋስ!»

ቪዲዮው የፍሎሪዳ ሰው ነው፤ ዛፍን ከባሕር ለሚነሣው አውሎ ነፋስ፣ ለሀሪኬን፣ እንዴት እንደሚያሰናዱ ያስተምራል። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየት አድርጎ፣ «አንቺ ሴት፣ ሀሪኬን ኮሎራዶ የሚመጣው በምን ተሳፍሮ ነው?» አለኝ። «ነፋስ ነፋስ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ሰውየው ነፋስ እንዲያሳልፍ ዛፉን አሳሱት ሲል ገባኝ፤ ከግማሽ በላይ ማየት አላስፈለገኝም። ባሕር ዛፍ ሲመለመል እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ! ጎኑ ሙልጭ ይደረጋል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቅጠል ይተዋል፣ አለቀ።

ቅዳሜን ሙሉ በእጅ መጋዝ ስታገል ዋልኩ። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጀምሬ አራቆትኩና ጫፍ ጫፉን ብቻ ተውኩ። ስወርድ አማቴ ቀና ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ቁንጮ ነው የተውሽለት?» አሉኝ።

«ለነፋስ ነው፣ እማዬ» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

ነፋስ ግን አልመጣም። በግንቦት፣ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ፣ እርጥብና ከባድ በረዶ መጣ። ማረፊያው ያው ጫፍ ላይ የተውኩት ቁንጮ ብቻ ነው። ቅርንጫፎቹ ጳጳስ እንዳየ ምእመን ጎንበስ አሉ። ጠዋት ሻይ እየጠጣን ትልቁ ጧ! ብሎ አጥሩ ላይ ተኛ።

ባለቤቴ የዛፍ ባለሙያ ጠራ። ሰውየው ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ሲል፣ «ከእኛ በፊት እዚህ የነበሩ ሰዎች» አልኩት። የተቆረጠውን ቦታ በጣቱ ነካ አደረገ፤ ገና እርጥብ ነው። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ጋራዡ አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ግንዱ ጤነኛ ነው» አለ ሰውየው። «ትልቁን ቅርንጫፍ የሚያበረቱት ውስጥ ውስጡን ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። እንግዲህ አዲስ የሚበቅሉትን አትንኩ። የረዘሙትን ጫፎች እኔ አሳጥራቸዋለሁ። በረዶ ሲከብድ ደግሞ ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ አራግፉ።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረና፣ «ወይስ ከነአካቴው ይቆረጥ?» አለው።

አማቴ ቋንቋው ባይገባቸውም ጥያቄው የገባቸው መሰለኝ፤ መስኮቱ ጋ ቆመው ልጃቸውን ያያሉ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «አሳጥረው» አለ።

ያን ቀን የቪዲዮውን ቀሪ ግማሽ አየሁት። የፍሎሪዳው ሰውዬ «እንዲህ ግን በፍጹም እንዳታደርጉ» እያለ የሚያሳየው ዛፍ የእኔው ዛፍ መንትያ ነበር።

በጥቅምት፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ባለቤቴ ማልዶ ተነሣ። ሥራ ከመሄዱ በፊት መጥረጊያ ይዞ ወጣና ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ከሥር እየገፋ በረዶውን አራገፈ።