የሚያውቀኝ ሰው ፍለጋ

ከደሴ ነገሌ ቦረና የተመደብኩት አማርኛ ላስተምር ነው። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሞያሌ ስለሚነግዱ ዓይናቸውንም የማየው አልፎ አልፎ ነው። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ ደብተር አርማለሁ፣ እተኛለሁ። ጎረቤቴ የሆኑትን አሮጊት ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል "አካም" ብዬ ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ፣ እሳቸውም "ናጋ" ብለው ሰላም መሆናቸውን ይነግሩኛል። በቃ፣ ወሬያችን ይኸው ነበር።

የምርጫ ምዝገባ ሲጀመር ካርድ ላወጣ ሄድኩ። መዝጋቢው መታወቂያዬን አገላብጦ አየና፣ "ይሄ የደሴ ነው። እዚህ ቀበሌ መኖርሽን የሚመሰክሩ የሰፈር ሰዎች ይዘሽ ነይ" አለኝ።

"የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቢመሰክሩስ?"

"እዚህ ቀበሌ ነው የሚኖሩት?"

እዚህ አይኖሩም ነበር። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም፤ ሆኖም "እሷን አውቃታለሁ" የሚል አንድ ሰው እንኳ በሐሳቤ አልመጣልኝም። ካርዱ ቢቀርስ ብዬ መንገድ ጀመርኩ። ቤቴ ስደርስ አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ጠጋ ብዬ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

"እኔ አውቅሻለሁ" አሉ ወዲያው በተሰባበረ አማርኛ።

"እማማ፣ ስሜን እንኳ አያውቁም እኮ።"

"ስም ትነግሪኛለሽ። ሌላው አውቃለሁ። እሑድ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ ከዚያ በር ላይ ብቻሽን ትቀመጫለሽ። በክረምት ሳል ያዘሽ። ሰው አይመጣልሽም።"

ይህን ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። መንገድ ላይ ዳቦ የምገዛበትን ጉራጌ ባለሱቅ ጠሩት፤ እሱም ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ተከተለን። መዝጋቢው ሲጠይቃቸው አሮጊቷ፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ናት፤ ከአጥሬ ማዶ ነው ያለችው" አሉት። ሁለቱም ፈረሙልኝና ካርዴን ያዝኩ።

"የምርጫው ዕለት አብረን እንሄዳለን" አሉኝ ስንመለስ።

የምርጫው ቀን ሲቃረብ ግን አሬሮ የምትኖረው ልጃቸው ታመመችና መኪና ተሳፍረው ሄዱ። በዕለቱ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ሰልፉ ውስጥ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ ይጫወታል፣ ይስቃል፤ እኔ የፊተኛዋን ሴት ጀርባ እያየሁ ቆየሁ። ተራዬ ሲደርስ ካርዴን ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩ፣ ጣቴን ቀለም ቀቡኝ፣ ወረቀቱንም ሰጡኝ። ከመከለያው ጀርባ ገብቼ ምልክት አደረግሁ፤ አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩና ወጣሁ። መምረጤን ሰው እንዲያውቅልኝ ፈለግሁ፤ ግን ለማን ይነገራል? የአሮጊቷ በር እንደተቆለፈ ነበር። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ተመልሰው የመጡት ዝናብ ከጀመረ በኋላ ነው። ልጃቸው አልተረፈችም። ለቅሶው ሲበተን ማታ ማታ እሳቸው ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። ብዙም አንነጋገርም። አንዳንዴ አንድ ቃል ኦሮምኛ ያስተምሩኛል፤ አንዳንዴም ጎን ለጎን እስከ መኝታ ሰዓት እንቀመጣለን።