በሁዳዴ የመጣ ጉበት

ክንዱ ሥራ ወዳድና ጥሩ ባል ነበር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ይፈራል፤ የሰው አፍ። ጎንደር ላይ ደግሞ የሰው አፍ ከደርግ ካድሬም ይብሳል፤ ካድሬው ቢያንስ ለምሳ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሥራው ሐኪሞች በሚማሩበት ግቢ፣ በዶክተር እንኳየሁ ላቦራቶሪ ነው። ዶክተሯ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚውጡ በሽተኞች ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ ሲመጡ አይታ፣ ጉበታቸውን የሚጎዳው መድኃኒቱ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ቆርጣ ተነስታለች። ሰው ላይ አይሞከርም። ስለዚህ ከትኩስ የበግ ጉበት ሴሎችን ለይታ በትንንሽ ሳህኖች ታኖራለች፤ ለግማሹ መድኃኒቱን ትጨምራለች፣ ግማሹን እንዲሁ ትተወዋለች። ጉበቱ ግን በጉ እንደታረደ ወዲያው በበረዶ መምጣት አለበት፤ ከዋለ ሴሎቹ ሳህኑ ላይ ሳይደርሱ ያልቃሉ። ጉበቱን ለሚያመጣላት ለክንዱ ይህን ደጋግማ ነግራዋለች።

ሁዳዴ ገባና የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። የቀረው አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው የእስላሙ የአያ ኑሩ ሥጋ ቤት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የክርስቲያን ልጅ፣ በዐቢይ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእስላም ሥጋ ቤት ጉበት ይዞ ሲወጣ! ለላቦራቶሪ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ሚስቱ እናኑ ብታምነው እንኳ፣ የአምባ ጊዮርጊሱ አባቷ አያ ዳኛው ልጃቸውን አስነስተው ይወስዷታል።

ስለዚህ መንገዱ ጭር እስኪል መጠበቅ ጀመረ። ጠዋት የታረደው በግ ጉበት አያ ኑሩ ጓዳ ይውላል፤ ክንዱ ሲመሻሽ በረዶ ውስጥ ከቶ ያመጣና "አሁን ነው የታረደው" ይላል።

ሴሎቹ አለቁ፤ መድኃኒት የነካቸውም ያልነካቸውም። ዶክተሯ ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። ዕቃውን ደጋግማ ቀቀለች፣ ውሃውን ለወጠች። እስከዚያ ውጤት ካላሳየች ከፋሲካ በኋላ ክፍሉ ለውይይት ክበብ እንደሚሰጥ ተነግሯታል። "እጄ ነው ክንዱ፣ ሥራውን የሚያበላሸው የኔው እጅ ነው" አለችው ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ክንዱ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከፍቶም "አይዞዎት ዶክተር" አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የክንዱ ዝምታ ግን ከውስጥ ይበላው ጀመር።

በመጨረሻ ዶክተሯ ራሷ አዲስ ዓለም ወረደች። አያ ኑሩ በቅንነት፣ "ምነው፣ ያ ልጅ ታመመ እንዴ? እኔማ በጠዋት አውጥቼ አኖርለታለሁ፤ እሱ ሰው ሲጠፋ ነው የሚመጣ" አሏት።

አልጮኸችም። ጉበቱን ይዛ፣ የበረዶው ውሃ ቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በቀን ገበያውን አቋርጣ መጣች። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ አመጣለሁ" አለችው። ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

ሴሎቹ ኖሩ። መድኃኒቱ የበዛባቸው ብቻ ሞቱ፤ ዶክተሯም የፈለገችውን አገኘች።

ሰፈሩ ግን ያየው ሌላ ነው። "ዶክተሯ ጾም ገደፈች፤ የእስላም ሥጋ ትበላለች" ተባለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማትቀምሰው ሴትዮ! እናኑ ይህንኑ ሰምታ "እውነት ነው?" ብላ ስትጠይቀው፣ ክንዱ ሽሮውን እያላመጠ "እኔ ምን አውቃለሁ" አላት።

ስቅለት ደረሰ። ዶክተር እንኳየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሴቶቹ ቀስ እያሉ ከአጠገቧ ራቁ፤ ብቻዋን ሰገደች። ክንዱ ሊጠይቁት ከመጡት ከአማቱ ከአያ ዳኛው ጎን ቆሞ አየ። "ጉበቱ ለሥራ ነው፣ መሸከሙም የኔ ድርሻ ነበር" ቢል ይበቃ ነበር። ዶክተሯ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቁጣ አላየባትም፤ እሱን ነው ያልቻለው። መሬት ላይ ተደፋ። ሌላው ሰግዶ ሲነሳ እሱ አልተነሳም፤ በምን ፊቱ ቀና ይበል?

አያ ዳኛው ይህን አይተው ልባቸው ተነካ። አጠገባቸው ወዳሉት ሰዎች ዘንበል ብለው፣ ክንዱ እየሰማ፣ "የኔን አማች አያችሁልኝ? እንዲህ ያለ ጾመኛ ከየት ይገኛል!" አሉ።