ከጀርባዋ ያየሁት

ከጎንደር ወደ ጠዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የተቀቀለ እንቁላል ይልጥ ጀመር። ቅርፊቱን ጭኑ ላይ በዘረጋው ፌስታል እያራገፈ ጨው ነሰነሰበት። ሽታው ሲደርሰኝ አፌን ምራቅ ሞላው፤ ሊያስመልሰኝ ነበር። መስኮቱን ከፈትኩ። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ በብርዱ አጉረመረሙ፤ ገርበብ አደረግኩትና ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

እንቁላል ድሮ እወድ ነበር። ያስጠላኝ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሁዳዴ ነው። ያኔ ጎርጎራ ላይ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሁለት ሰው የሚይዝ የውድድር ጀልባ እንቀዝፍ ነበር። ሁለታችንም የታንኳ ሰዎች ልጆች ነን፤ ፊታችንን ወደምንሄድበት አድርገን መቅዘፍ ስለለመድን፣ ጀርባ ሰጥቶ መሄዱ መጀመሪያ በጣም አስቆን ነበር። እሷ የመቅዘፊያውን ምት ትመራለች፤ እኔ ከጀርባዋ ተቀምጬ እከተላለሁ። ዳር ዳሩን የበሰበሰ እንቦጭ ይሸታል። እንቦጩ መቅዘፊያችንን ጠልፎ ሲይዝ እሷ ትስቃለች፣ እኔ እራገማለሁ። አገር አቀፍ ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፍነው በእሷ ትከሻ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ከፋሲካ በፊት ውጭ አገር ለሚደረግ ውድድር ተመረጥን።

ጾሙ ሲገባ አሰልጣኙ በየጠዋቱ ከልምምድ በኋላ አራት አራት እንቁላል ያስቀርብልን ጀመር። እሱም አብሮን ይበላል፤ አስኳሉ ጢሙ ላይ ይደርቃል፤ በዚያው ባልታጠበ እጁ ትከሻችንን ይጨብጣል። ቀፋፊ ሰው ነበር። እሷ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ "ከፋሲካ በኋላ አሥርም ቢሆን እበላለሁ፤ አሁን ግን አይሆንም" አለችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ከዚያ በሶዋን በልታ በማግስቱ እንደ ትናንቱ ትቀዝፋለች። እኔ በላሁ። ለእናቴ እየጾምኩ ነው እያልኩ በላሁ።

ጉዟችን ሲቃረብ አሰልጣኙ ጀልባዎቹ ወደሚያድሩበት የቆርቆሮ መጋዘን ለብቻዬ ጠራኝ።

"በጾም ምክንያት አስቀረሁሽ ብላት ጣጣው ለኔ ነው" አለኝ። "አንቺ ከጀርባዋ ነሽ፣ ሁሉን ታያለሽ። ደክሟታል ካልሽ አንቺን ከሌላ ልጅ ጋር አጣምሬ እወስድሻለሁ። አልደከማትም ካልሽ ሁለታችሁንም እተዋለሁ።"

አልደከማትም ነበር። እንዲያውም ያን ሰሞን ምቷን መከተል ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። ግን አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ የአገር ስም የተጻፈበት ቱታ ለብሼ አላውቅም።

"ደክሟታል" አልኩት። "ባለፈው ውሃው ላይ አዙሯት ነበር" ብዬም ጨመርኩበት፤ ይህን ማንም አልጠየቀኝም። አሰልጣኙ ራሴን ዳበሰኝ። እጁ እንቁላል እንቁላል ይሸት ነበር። ራሴን ተጸየፍኩት፤ እየተጸየፍኩትም ወደ ውድድሩ ሄድኩ።

እዚያ ከማላውቃት ልጅ ጋር ተጣምረን መጨረሻ ወጣን። ውሃው ንጹሕ ነበር፤ ሌላ የማስታውሰው የለኝም።

ስመለስ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አገላብጣ ሳመችኝ።

"አሰልጣኙ ነገረኝ" አለችኝ። "ያን ያህል መድከሜን እኔስ ልብ አላልሁት። አንች ባታይልኝ አንድ ቀን ውሃው ላይ ወድቄ እቀር ነበር። ሸጋ አደረግሽ፣ እግዜር ይስጥሽ።"

ጎንበስ ብዬ ሻንጣዬን አነሳሁ።

"ምነው፣ ደከመሽ?"

"መንገዱ ነው" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ጀልባ አልነካችም። አግብታ ጠዳ ገባች፤ እኔም አልፎ አልፎ እጠይቃታለሁ። እውነቱን ልነግራት እያሰብኩ እሄዳለሁ፤ ምሳ በልቼ፣ ስቄ፣ ተጫውቼ እመለሳለሁ።

ዛሬም ከሚኒባሱ ወርጄ ቤቷ ስደርስ ውሃ የሞላ ጀሪካን ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እሷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ትከሻዋ አሁንም ሰፊ ነው።

"እንኳን መጣሽልኝ" አለች። "ባሌ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነበር። እስቲ አስገቢልኝ፤ እኔ እንደሁ አቅም እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ" አልኳትና ጀሪካኑን አንስቼ አስገባሁላት።