መርዶ ያሻገርኩበት የብረት ድልድይ

ኻርቱም ውስጥ ሰው ለሚያስቅ ደሞዝ ቢቆረጥለት ኖሮ እኔ ይሄኔ አል-ማንሺያ ካለ ቪላ ውስጥ አባይን እያየሁ እግሬን ዘርግቼ በተቀመጥኩ ነበር። ስላልተቆረጠልኝ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ እንደ ዳቦ ስጋገር ኖርኩ። ሙቀቱን ምኑን ላውራው፤ ጠዋት ለቁርስ ያስቀመጥኩት እንቁላል ማታ ስመለስ ጫጩት ሆኖ ጠብቆኛል።

የዕድራችን ሰዎች ለዚያ ሥራ የመረጡኝም ለዚሁ ጠባዬ ነው። አንዲት ያገራችን ልጅ ከአባይ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ ወሎ ሞታ ከተቀበረች ሦስት ቀን ሆኗታል፤ እሷ ግን አልሰማችም። ብቻዋን ሰምታ እንዳትወድቅ፣ ጁምዓ እረፍቷ ነውና በጠዋት መጥታ በወገን መሀል ትረዳ ተባለ።

"አንተ ሂድ" አሉኝ። "የኛ ፊት ያስታውቃል። አንተን አይቶ ሞት የሚያስብ የለም።"

"ምን ብዬ ላምጣት?"

"ከአገር ሰው መጥቷል በላት፤ ይበቃል።"

ይበቃ ነበር።

ጁምዓ ጠዋት ከአገር ሰው መጥቷል ብዬ ከቤት አወጣኋት። ሚኒባስ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ባቡሩም መኪናውም እግረኛውም በሚያልፉበት እንግሊዞች በሠሩት አሮጌ የብረት ድልድይ በእግራችን መጣን።

"ይሄን ብሎን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "እንግሊዙ ራሱ አመስግኖኛል።"

"ወላሂ ጋሼ፣ ያኔ እንኳን እርስዎ አባትዎም አልተወለዱ!"

"አባቴማ ሲሚንቶ ያቦካ ነበር።"

የድልድዩን አጥር ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጠየቀችኝ።

"ሰውዬው እናቴን አግኝቷታል?"

ዝም ብል ታውቅብኛለች፤ አፌ ደግሞ ዝምታን አልተማረም።

"እንዴታ! ዕቃ ልካልሻለች እኮ። አንድ ጆንያ በሶ፣ አንድ ጆንያ ሽሮ። በርበሬው ብቻውን የአህያ ጭነት ነው፤ ሰውዬው ወገቡን ይዞ ነው የመጣው።"

ቀጥ ብላ ቆመች።

"በሶ? ታማለች ብለውኝ እኮ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ተነስታለች ማለት ነው?"

"ተነስታለች" አልኩ።

"አልሐምዱሊላሂ! አሁኑኑ ልደውልላት።"

ስልኳን አወጣች። ድልድይ ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን ኻርቱም የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ጫፉ ላይ ወታደር ቆሟል።

"ክተቺው! ወታደሩ ፎቶ ልታነሳ ነው ብሎ ሁለታችንንም ይለቅመናል! ለመሆኑ የመኖሪያ ወረቀትሽ ታድሷል?"

ደንግጣ ከነጠላዋ ስር ከተተችው። "እሺ፣ ዕቃውን አይቼ እደውልላታለሁ" አለች። ከዚያ ወዲያ እግሯ በደስታ መሬት አልነካም። ወታደሩን ሳይቀር በፈገግታ ሰላም አለችው። "ያላ ጋሼ፣ ምን ያንቀረፍፍዎታል?" እያለች ቀድማኝ ትሄዳለች፤ እኔ እግሬ እንደዚያ ድልድይ ብረት ከብዶኛል።

ዴም ስንደርስ የምንሰባሰብበት ግቢ በሰው ተሞልቷል። ጮክ የሚል አንድም አልነበረም። ቀድማኝ ገባች።

"በሶዬ የታል?" አለች እየሳቀች።

አንዲት ትልቅ ሴት ተነሥተው አቀፏት።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ይኸን ሁሉ ሳጋንን የኖርኩ ሰው ለዚያ የሚሆን ቃል አጣሁ።

ስትደክም ውሃ ይዤላት ተጠጋሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ተነስታለች አሉኝ እኮ።"

አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ፣ ውሃውን ብትደፋብኝ በተሻለኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

የዕድሩ ሰዎች፣ ምንም ሳትጠረጥር አመጣሃት፣ ጎበዝ ነህ ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ሌላ መርዶ ሲመጣም መጀመሪያ የሚፈልጉት እኔን ሆነ። እሷ ከዚያ በኋላም ዴም ትመጣ ነበር። ስንገናኝ "ደህና ነዎት?" ትለኛለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ታልፋለች። በአሮጌው ድልድይ ግን አትሻገርም አሉኝ፤ ሁለት መኪና ቀይራ በሌላኛው ዞራ ነው የምትመጣው።