በኑግ የተነከረ ጭብጦ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ የምንኖረውም እኔና የአባቴ ታላቅ እኅት ብቻ ነበርን። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ አርፋለች። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፎታል። ጉና ላይ ካሉት አርበኞች ጋር ነው ይባላል፤ ይባላል የምለው ቤታችን ውስጥ ስሙ ጮክ ተብሎ ስለማይነሳ ነው። ጎረቤቶቻችን ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ባንዳ እንዳይጠቁምባቸው ፈርተው ግን ልጆቻቸውን ወደኛ ደጅ አይሰዱም ነበር። ስለዚህ የምጫወተው ከጥጃችን ጋር ነበር፤ ጥጃዋም ብትሆን ብዙ ጨዋታ አታውቅም።

አክስቴን እታለም ነበር የምላቸው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል ሴት ነበሩ፤ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከአለንጋ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። አባቴንም በአገራችን ወግ «አንቱ» ነበር የምለው። ዛሬ ግን በትዝታዬ ያለው ጎልማሳ የልጅ ልጄ እኩያ ሆኖብኝ አንቱታው እምቢ ብሎኛልና «እሱ» እያልኩ ብጽፍ ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ።

ዱር ያለ ሰው ያኔ እሳት አያነድም ነበር፤ ጭስ የታየበት ጫካ አውሮፕላን ይመጣበታል። ስለዚህ ከቤት የሚላክለት ስንቅ ምጣድም ድስትም የማይጠይቅ መሆን ነበረበት፤ ያም ጭብጦ ነው። እታለም ገብሱን በቀን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በሶውን በወንፊት ነፍተው ያቆያሉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ገበቴ ላይ አድርገው በማርና ጨው ጣል ባለበት ውሃ ያሹታል፤ እኔ እደበልብላለሁ። ኑጉ ደግሞ ለብ ለብ ተደርጎ ይቆላና ሙቀጫ ውስጥ ዘይቱ እስኪወጣ ተወቅጦ፣ ጥቂት ማር ገብቶበት፣ ጥቁር ጭቃ ይመስላል። እያንዳንዱን ድብልብል እዚያ ውስጥ ነክረን፣ አገላብጠን፣ ሰፌድ ላይ እንደረድረዋለን። የማታው ብርድ በበሩ ሲገባ ኑጉ ከላይ ጠንከር ብሎ ያብለጨልጫል። ኑጉ በሶው ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይፈረፈር ይይዘዋል፤ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ከረጢት ውስጥ ሲያየው የአፈር ጓል ነው የሚመስለው። አንድ የኬላ ወታደር አንዱን አንሥቶ አሽትቶ፣ ፊቱን አጨማዶ መልሶ እንደጣለው እማሆይ ነግረውናል።

እማሆይ ስንቁን የሚያደርሱልን መነኩሲት ነበሩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ፣ ከረጢታቸውን ሞልተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እየለመኑ የሚዞሩ መስለው ይሄዳሉ። የአባቴን ወሬ ይዘውልን የሚመጡትም እሳቸው ነበሩ፤ ወሬው ብዙ ጊዜ «ደኅና ነው» ከሚል አይበልጥም።

ተረት የምሰማው እንግዲህ ስንቅ በምናዘጋጅበት ምሽት ነበር። ምድጃው ውስጥ የገብሱ መቁያ ፍም ገና አልከሰመም፣ ኩራዙ ሊለኮስ ሲል የቤቱ ግማሽ ጨለማ ግማሹ ቀይ ነው፣ ማሩና ኑጉ ይሸታል። እታለም እጃቸው ሥራ ካልያዘ ተረት አይወጣቸውም። ሕግም ነበራቸው፤ ቡኮው ተደብልብሎ ሲያልቅ ተረቱም የደረሰበት ላይ ይቆማል። ጅቡ አህያዋን ሊውጥ አፉን በከፈተበት ቡኮው ካለቀ፣ አህያዋ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የጅቡ አፍ ሥር ቆማ ትከርማለች። እኔም ተረቱ እንዲረዝም ብዬ ድብልብሉን ማሳነስ ለመድሁ። እታለም አንዱን አንሥተው በፍሙ ብርሃን እያዩ፣ ይቺ ለሰው ናት ወይስ ለወፍ ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ተረት ጀመሩልኝ። አንድ እንጨት ቆራጭ ጫካ ይገባል። ጫካው ደግሞ የገባበትን ሰው መንገድ የሚያስረሳ ነው፤ ወደ ቤቴ ብሎ በተራመደ ቁጥር ወደ መሃል ይገባል፤ ሲውል ሲያድር የቤቱን በር ይረሳል፣ ቀጥሎ የልጁን ስም ይረሳል። ቤት የቀረችው ልጁ ቁራ ትለምናለች፤ ቁራውም አንድ ጉርሻ በአፉ ይዞላት ይሄዳል። ሰውየው ጉርሻውን ይበላዋል፤ ግን ምንም ትዝ አይለውም። ቁራው ተመልሶ መጣና፣ የላክሽው የማንም ቤት እህል ነው፣ የራሳችሁን ቤት የሚሸት ነገር ላኪ፣ እሱ ከሸተተው እግሩ ራሱ ያመጣዋል አላት። እዚህ ላይ ቡኮው አለቀ።

እታለም ጥጃዋን ሊያስገቡ ወጡ። ሰፌዱ ላይ ኑግ ያልነካቸው ስድስት ድብልብሎች ቀርተዋል። የቤታችን ሽታ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። አባቴ ቤት በነበረ ጊዜ ጭብጦ ሲቀርብለት መሃሉን በአውራ ጣቴ የማጎደጉድለት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ጉድጓዷን በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ይሞላና የመጀመሪያዋን ለኔ ያጎርሰኛል። ቅቤው ጓዳ ነበር፤ ለፋሲካ ተብሎ የማሰሮው አፍ በጨርቅ ታስሯል። ጾም መሆኑን አልረሳሁም፤ ይህን ዛሬም ደግሜ እናገራለሁ፣ አውቅ ነበር። ግን አባቴ ናፍቆኛል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቁራው ደግሞ የተናገረው በግልጽ ነው። ጨርቁን ፈታሁ። ስድስቱንም አጎደጎድኩ፣ ቅቤ ሞላሁ፣ በበሶ ደፈንኩ፣ ኑጉ ውስጥ ነከርኩ። ከዚያ የኔ መሆናቸውን አባቴ እንዲያውቅ አውራ ጣቴን እያንዳንዳቸው ላይ ጫን አደረግሁ። እታለም ሲመለሱ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተቀምጫለሁ። የኑጉ ሽታ ኃይለኛ ነውና ቅቤውን ዋጠው። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ በጾም ቀን ወተት ያለበት ቤት ውስጥ እንኳ የማይቀመጡት እማሆይ ቅቤ ተሸክመው ወደ ጉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ማየት ጀመርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ደጃፍ ላይ ነኝ፤ ኩታ የለበሰ ሰው ከሩቅ ብቅ ባለ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ሰውየው ቀርቦ ሌላ ሰው ይሆናል። የልቤን የምነግረው አልነበረኝም። ለጥጃዋ ብቻ ነግሬያት ነበር።

በአሥረኛው ቀን ነው መሰለኝ እታለም ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ማሰሮዋን ይዘዋል፤ ቅቤው ላይ የጣቶቼ ፋና አለ።

«ይህን የነካሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አባዬ እንዲሸታቸው ብዬ ነው» አልኩ። «ቁራው የቤታችሁን ሽታ ላኪ ብሏታል።»

እታለም ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ይገርፉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። ማሰሮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው አፏን በጨርቁ መልሰው አሰሩ።

«አባትሽ ጠኔ ይጥለዋል እንጂ ሁዳዴን አይገድፍም» አሉኝ በመጨረሻ። «አንዱን ቆርሶ ቅቤ ካገኘበት የቀረውንም አያምነውም፤ ሁሉንም ይተወዋል። ሌላ ስንቅ ደግሞ የለውም ልጄ።»

ጣቴን አትሜባቸዋለሁ፣ ይለያሉ አልኳቸው። ያን ልብ ካለው ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እማሆይ እስኪመጡ በቀሩት ቀናት እህል አፌ ሲገባ አባቴ ሳይበላ የተቀመጠ እየመሰለኝ አልዋጥ ይለኝ ነበር። የምጠብቀውም ተለወጠብኝ፤ ይምጣ የሚለውን ትቼ ይብላ ብቻ እያልኩ እለምን ጀመር።

እማሆይ መጡ። ገና መቋሚያቸውን ሳያስደግፉ ቀሚሳቸውን ያዝሁ። ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ያነሣው ጣት የታተመበትን ነበር። ቆረሰው፤ ሸተተው፤ አፍንጫው ላይ ይዞት ሳይበላ ብዙ ቆየ። ከዚያ ከረጢቱን አፍስሶ ጣት ያለባቸውን ከሌሎቹ ለየ። አብረዋቸው ያሉ ቄስ ጾም የፈቱለት ቁስለኛ አጠገባቸው ተኝቶ ነበር፤ አምስቱን ለእሱ ሰጠው። ስድስተኛዋን የኩታው ጫፍ ላይ ቋጠራት።

«ልጄን እንዳትቆጧት» ብሏል አሉ እማሆይ። «ጾሜን የምፈታው በዚህች ነው፤ በፋሲካ ከቻልኩ መጥቼ ከሷ ጋር፣ ብሏል።»

እታለም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ሮጬ ወጥቼ የጥጃዋን አንገት አቀፍሁ።

ለቀጣዩ ስንቅ በሶ ሲታሽ የተረቱን ቀሪ ጠየቅሁ። እታለም ሕጋቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረሱ፤ ያን ተረት አባትሽ ሲመጣ እሱ ባለበት እጨርሰዋለሁ ብለው ስለ ጦጣ ሌላ ነገር አወሩልኝ። ስለ ጦጣዋ ምንም ትዝ አይለኝም። የፋሲካ ዕለት ማሰሮዋ ተከፈተች፣ ጭብጦ ቀረበ፤ እታለም መሃሉን አጎድጉጂ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ እሱ ሲመጣ ነው አልኩ። ያን ቀን በሩን ክፍት አድርገን ዋልን። ብርዱ እስኪገባ፣ ኩራዙ እስኪለኮስ አልዘጋነውም።

እማሆይ የመጡት በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከረጢት ሳይዙ። እታለም ፊት ተንበርክከው ከብብታቸው የተቋጠረ የኩታ ቁራጭ አወጡና ፈቱት። ጭብጦዋ ነበረች። ኑጉ ሰነጣጥቋል፤ ያው ጥቁር ነው፤ መሃሉ ላይ የአውራ ጣቴ ፋና እንዳለ ነው። አባቴ በሕማማት ሳምንት፣ ዕለተ ኀሙስ ነው የወደቀው። ሦስት ቀን ቀርቶት።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ለስንቅ የሚታሽ በሶ አልነበረም፤ ተረትም አልነበረም። እታለም ጣልያን ከወጣም በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ ሊያርፉ በቀረቡበት ሰሞን ሳስታምማቸው ያንን መጨረሻ ጠየቅኋቸው። አልረሱትም ነበር።

«ሰውየውማ ይመለሳል» አሉኝ። «ሸቶት፣ እግሩ ያመጣዋል። ይህን እንዴት ብዬ ልንገርሽ ያኔ?»

ባለፈው ሁዳዴ የልጅ ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ስትንጎዳጎድ ሰማኋትና ገባሁ። የተፈጨ ለውዝ ከማር ጋር አሽታ እየደበለበለች፣ የቀለጠ ጥቁር ቸኮላት ውስጥ እየነከረች ትደረድራለች። እሳት እንኳ አይፈልግም፣ ፍሪጅ ይበቃዋል አለችኝ፤ ስሙ የለውዝ ቅቤ ነው፣ ግን የጾም ነው አያቴ አለችኝ፣ ጾሜን የምታስገድፈኝ እንዳይመስለኝ ፈርታ። ሳቅሁ። እጄን ታጥቤ አጠገቧ ተቀመጥሁና አንዱን ደበለበልኩ፤ አውራ ጣቴ ሳላዘው መሃሉን አጎደጎደው። ምነው አበላሸሽው ስትለኝ የእንጨት ቆራጩን ተረት ጀመርኩላት። ለልጆቼ እንኳ አውርቼው አላውቅም ነበር። ቁራው «እግሩ ራሱ ያመጣዋል» ካለበት ስደርስ የታሸው ለውዝ አልቆ ሳህኑ ባዶ ሆኗል፤ በእታለም ሕግ እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

«ከዚያስ?» አለችኝ፣ ጣቷን እየላሰች።

ይመለሳል ልላት አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣ አለኝ። ስልሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በልቤ ስመልሰው ኖሬ፣ በአፌ ልመልሰው አልቻልኩም።

«ሸተተው» አልኳት። «ያንን በደንብ አውቃለሁ።»