አያቴ በአማርኛ የነገረቻቸው

ልጅ እያለሁ ዓርብ ዓርብ ቤታችን በሴቶች ይሞላ ነበር። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የአገራችን ልጆች በዕረፍት ቀናቸው ሰፈራችን ባልባላ ድረስ ወደ አያቴ ይመጣሉ፤ አንዷ የተቃጠለ እጇን፣ ሌላዋ አልለቅ ያላትን ሳል ይዛ። አያቴ ጽጌ በወጣትነቷ ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግራ መጥታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከተማው ሆስፒታል በነርስነት የሠራች ሴት ነበረች። ማታ ስትገባ ጋዎኗ አልኮል አልኮል ይሸታል። እናቴ የሞተችው ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ፣ ለእኔ የእናት ጠረን ያ ነበር።

ፈረንሳይኛውንም፣ ሶማልኛውንም፣ ዓረብኛውንም ትችል ነበር። ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሕመምተኛ ሲገባ ሐኪሞቹ የሚጠሩት እሷን ነው። የጭነት መኪና ሾፌርም ሆነ የቤት ሠራተኛ፣ ክፉውን ወሬ የሚሰማው ከእሷ አፍ ነበር።

ትምህርት ቤት በሚዘጋበት የሙቀት ወራት፣ ያ ትኩስ ነፋስ አሸዋውን በየቆርቆሮው ላይ ሲበትነው፣ ብቻዬን እንዳልውል ሆስፒታል ይዛኝ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ወርቄን ተኝታ አገኘናት። ወርቄ ከወሎ የመጣች ልጅ ናት፤ ቤታችን ስትመጣ ፀጉሬን የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። ፊቷ አብጦ መለየት አቅቶኝ ነበር። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ። እኔም የምማረው በፈረንሳይኛ ስለነበር ገባኝ፤ ሁለቱም ኩላሊቶቿ መሥራት አቁመዋል፣ እዚህ የሚደረግላት ነገር የለም ነው የሚለው።

«ምን አሉ፣ እማማ?» አለች ወርቄ።

አያቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። «ኩላሊትሽ ደክሟል ነው የሚለው፣ ልጄ። እዚህ መድኃኒቱ የለም። እናትሽ ጋ ግቢ።»

«እድናለሁ?»

አያቴ እጇን ሳትለቅ «አይመስለኝም» አለቻት።

ወርቄ አላለቀሰችም። «ይኼን ሁሉ ዘመን ቆይቼ ለእናቴ ምን ይዤ ልግባ?» ብቻ አለች።

«ራስሽን» አለቻት አያቴ።

በዚያው ሳምንት አያቴ አንድ የምታውቀውን የጭነት መኪና ሾፌር ለምና፣ ከጋቢናው ኋላ ባለችው መኝታ ላይ አስተኝታ ወደ አገሯ ሸኘቻት። ሾፌሩ በሌላ ጉዞው ሲመጣ፣ ወርቄ እናቷ እቅፍ ውስጥ እንዳረፈች ነገረን። እኔ ተናደድኩ። «ትድኛለሽ ብትያት ምን ነበረበት?» አልኳት። አያቴ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ብዋሻት እዚሁ ስትጠብቅ ትሞት ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ዓመታት አለፉ። እሷ ጡረታ ወጣች፣ እኔ ዶራሌ ወደብ ሥራ ገባሁ። ከዚያ ሆዷ ማበጥ ጀመረ። እዚያው ዘመኗን በጨረሰችበት ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም አስቀምጦን፣ በሽታው ጉበቷን እንደጨረሰው በፈረንሳይኛ ነገረን። አያቴ እስኪጨርስ በትሕትና ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለ?»

«ሰምተሽዋል እኮ!»

«በአማርኛ ንገሪኝ፣ ልጄ። በፈረንሳይኛ ስሰማ የኖርኩት የሌላ ሰው በሽታ ነው።»

ነገርኳት። እጇን ይዤ፣ ምንም ሳልቀንስ። ራሷን ነቀነቀች፤ «ደህና አድርገሽ ነገርሽኝ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ዝናብ ሳይመጣ ሞተች። የቀበርናት እዚሁ ነው።

ያኔ ድሃ ነበርን፤ ግን ክፉ ወሬ ለብቻው አይመጣም ነበር፤ የሚያመጣው ሰው አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ራቱን ይተዋል። አሁን ድሬዳዋ ሩቅ አይደለችም፤ ባቡሩ ከተማችን ዳር ናጋድ ጣቢያ ድረስ ይመጣል፤ ስልኩም በሁላችን እጅ ነው። በቀደም ድሬዳዋ የቀረችው የአያቴ ታናሽ እህት ማረፏን በስልኬ ላይ በተጻፈ አንድ መስመር አወቅሁ። ወደቡ በር ላይ በተሰለፉት የጭነት መኪኖች መሀል፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ አነበብኩት። አጠገቤ የነበረው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።