አረጋሽ አርቦሬ ሄደች

ጂንካ ውስጥ፣ ከአሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ጀርባ፣ ትልቅ ማንጎ ያለበት ግቢ የማን ነው ቢባል መልሱ የሚጠፋው ሰው የለም። የአረጋሽ ነው። ደርግ በወደቀ ማግስት ከባሏ ከጥላሁን ጋር ሁለት ክፍል ሠርታ «አልጋ አለ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ሰሌዳው ስንቴ ቀለም እንደተቀባ እንጃ፤ ሴትዮዋ ግን ያችው ናት፤ ድምፀ ጎርናና፣ እጇ የማያርፍ፣ እንግዳዋ ሳይጠግብ የማትቀመጥ።

ወደ እሷ ቤት የሚመጡት መኪና ተከራይተው፣ አስጎብኚ ይዘው የሚዞሩት አይደሉም። እነዚያ ሎጅ አላቸው። የአረጋሽ እንግዶች ሻንጣቸውን እንደ ሕፃን አዝለው፣ ከአይሱዙ ላይ አቧራ ለብሰው የሚወርዱት ናቸው። ፈረንጅም ሆኑ አበሻ፣ ፊታቸውን ታጥበው እንደተቀመጡ የሚጠይቁት አንድ ነው። ታች ቆላ፣ አርቦሬ እንዴት ይኬዳል? ምን ይበላል? የት ይታደራል?

«አርቦሬ?» ትላለች አረጋሽ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እሱማ ቆንጆ አገር ነው! ሙቀቱን ብቻ ቻሉት። ወተት እንደልብ ነው። ማደሪያ አያሳስባችሁ።»

ይህን ስትል ለሚሰማት እዚያው ተወልዳ ያደገች ነው የምትመስለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አረጋሽ የገዘር ልጅ ናት። ከደጋው ለጂንካ ተዳረች፤ ወደ ቆላው በኩል ደግሞ ማርና ፍየል ልትገዛ ከምትሄድበት ከአልዱባ ገበያ አልፋ አታውቅም። ስለ አርቦሬ የምታወራው ሁሉ ሾፌሮች ምሳ እየበሉ ሲያወሩ የሰማችው ነበር።

አንድ ጊዜ ኢየሩሳሌም የምትባል፣ ከሐዋሳ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ብቻዋን የመጣች ነርስ አረፈች። ቆጮዋን በጎመን ጥርግ አድርጋ በላችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። አረጋሽም ያንኑ መልስ ሰጠች። ልጅቷ ግን በዚያ አላበቃችም።

«እርስዎ ሲሄዱ የት አደሩ ማዘር?»

አረጋሽ ብድግ አለች።

«ወጡ እንዳያርርብኝ!» አለችና ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እሳት ላይ የተጣደ ወጥ አልነበረም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለጥላሁን ነገረችው።

«አርቦሬ ልሄድ ነው።»

«ምን አለሽ እዚያ?»

«ምንም የለኝም። ልይ ብዬ ነዋ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእግሬ ጋር።»

ጥላሁን ደግ ሰው ነው፤ ሳቁ ግን ልክ የለውም። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ከመንገድ፣ ከቀይ አፈር ትመለሻለሽ! ያውም እዚያ ከደረስሽ!» አላት። ይህም አልበቃው ብሎ ሻንጣዋን ሳታነሳ ለሰፈሩ አዳረሰው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ሴቶቹ «ቀይ አፈር ደህና ነው?» እያሉ ቀለዱባት። እንግዲህ ብትመለስ መሳቂያ መሆኗ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ስለ አርቦሬ የሚጠይቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጥ እያረረባት ልትኖር ነው።

ሚኒባሱ አልዱባ ሲደርስ ረዳቱ እንደ ልማዷ የምትወርድ መስሎት በር ከፈተላት። አልወረደችም። ቀይ አፈር ላይ ግን ጥላሁን እንዳለውም ጉድ ፈላ። የገበያ ቀን አልነበረምና ወደ ታች የሚወርድ መኪና ጠፋ። ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ሻንጣዋን አቅፋ፣ ፀሐዩ ጭንቅላቷ ላይ እስኪቆም ተቀመጠች። ከዚያ የጂንካ ሚኒባስ ከች አለ።

«ጂንካ! አንድ ሰው! እማማ አረጋሽ፣ ይግቡ እንጂ፣ የእርስዎ ቦታ ነው የቀረው!»

እግሯ ተነሳ። እውነትም ተነሳ። ሚኒባሱ ጋ ሳትደርስ የጥላሁን ጥርስ፣ ያ ሲስቅ እስከ ድዱ የሚታየው ጥርስ፣ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። መልሳ ተቀመጠች።

«ሂዱልኝ!» አለች። «ቦታው ባዶውን ይሂድ!»

ሞተር የሚባል ነገር ጂንካ ከገባ ጀምሮ ስትረግመው ኖራለች። አሁን ግን አብኔር የሚባል ሞተረኛ «ማዘር፣ አርቦሬ ዘመዶች አሉኝ፣ ላድርስዎት» ሲላት ነጠላዋን አሸርጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው ጉብ አለች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጮኸች። መሀሉ ላይ ጸለየች። ታች ወይጦ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ግን መዝሙር እየዘመረች ነበር፤ ያውም ከፍ ባለ ድምፅ። ወይጦ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሙዝ በላች፤ በባዶ እጄ አልገባም ብላ አንድ ዘለላ ገዝታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

አርቦሬ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የአብኔር ዘመድ፣ ጂንካ የተማረች ኪያ የምትባል ወጣት፣ ከእናቷ ጋር ወጥታ ተቀበለቻቸው።

«አልጋ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለች አረጋሽ።

ኪያ ሳቀች። «አልጋ የለም። ቤት አለ።»

የኪያ እናት ከደጅ ቁርበት አነጠፈች። የማሽላ ገንፎ ከነወተቱና ከነማንኪያው በቅል አምጥታ አረጋሽ ፊት አስቀመጠችና ቁጭ አለች። አረጋሽም አመሰገነችና ጠበቀች። እሷ ቤት ሌላው ሳይበላ እጇን ሰድዳ አታውቅም፤ ባለቤቶቹ እስኪጀምሩ መጠበቋ ነው። የኪያ እናት ጠበቀች። ልጆቹ ጠበቁ። ገንፎው ፊቱ ደረቀ።

አረጋሽ ጨነቃት። ሲጨንቃት ደግሞ እጇ ሥራ ይፈልጋል። ብድግ አለችና ማንኪያውን አንሥታ ለልጆቹ ማውጣት ጀመረች። የኪያ እናት ፊቷ ጠቆረ። ማንኪያውን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችባትና በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች።

«እናቴ ‹ምግቤን ጠላችው› አለች» አለች ኪያ። «አንቺ ካልበላሽ እኛ አንበላም። እንግዳ አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ።»

አረጋሽ ቁርበቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ዓይኗ ሞላ። ዕድሜዋን ሙሉ ስንቱን አብልታ፣ ስንቱን አስተኝታ፣ እንግዳ ነሽ ያላት ሰው አልነበረም። ጥላሁን እንኳ፣ ደጉ ጥላሁን፣ ተቀመጪ ላቅርብልሽ ብሏት አያውቅም። ደስታዋም ንዴቷም አንድ ላይ መጣባት። ከዚያ እጇን ሰደደች። በላች። ጨመሩላት፤ እሱንም በላች። የኪያ እናት ትከሻዋን በጥፊ መታ አድርጋ ከት ብላ ሳቀች፤ ሙዙም ለልጆቹ ታደለ።

ሲነጋ ኪያ የማሽላ እርሻውን አሳልፋ ወሰደቻት። ከፊታቸው የደረቀው ሐይቅ፣ የጨው ባሕር ሜዳ ነጭ ሆኖ፣ መጨረሻው ሳይታይ ተዘረጋ። ሾፌሮቹ ስለዚህ አልነገሯትም ነበር። አረጋሽ ሻንጣዋን መሬት ጣለችና እልልታዋን አቀለጠችው፤ ፍየሎቹ ደንግጠው ተበተኑ።

ጂንካ ስትገባ ጥላሁን ቀልዱን አዘጋጅቶ በር ላይ ቆሟል። ኢየሩሳሌም ገዘርን ዞራ ተመልሳ፣ ነገ ወደ አርቦሬ ለመሄድ ተሰናድታ እራት ትጠብቃለች።

«እሺ፣ ቀይ አፈር እንዴት ነው?» አለ ጥላሁን።

አረጋሽ ሻንጣዋን አወረደች። ከእግር እስከ ራሷ አቧራ ናት፤ አንገቷ ላይ የኪያ እናት ያሠረችላት የጨሌ ድርድር አለ። ጥላሁን ጨሌውን አየ። አቧራውን አየ። ከበሩ ላይ ፈቀቅ አለላት። እሷም አልፋው ገባችና እንግዶቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች።

«እርቦኛል ጥላሁን። ዛሬ አንተ አቅርብ።»

ጥላሁን አንድ ጊዜ ሚስቱን፣ አንድ ጊዜ ወጥ ቤቱን አየና ገባ። አረጋሽ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረች።

«የት አደሩ ብለሽኝ ነበር አይደል? ከደጅ፣ ቁርበት ላይ፣ ከኪያ እናት ጎን። የኪያን ቤት እነግርሻለሁ። ስትደርሺ ደግሞ ምግብ ሲያቀርቡልሽ እንዳትጠብቂ፤ ቶሎ ብዪ። እንግዳዋ አንቺ ነሽ።»

ወሬው ገና መጀመሩ ነበር። ሞተሩ አለ፣ ገንፎው አለ፣ ነጩ ሜዳ አለ። ከወጥ ቤት የሚያርር ወጥ ሸተተ። አረጋሽም ሸቷታል። አልተነሳችም።